«መጋዘን.ጤፍ = 40» ሲባል ግራ ጎኑ ምንድን ነው? የአንድ የኢንተርኔት ውይይት ክር ሙሉ ውሎ

መክፈቻ፦ ጠያቂው ከባሕር ዳር ነው። ቁልፍ ቃላቱ አማርኛ የሆኑ ትንሽ የስክሪፕት ቋንቋ በሲ (C) ቋንቋ እየጻፈ ነው፤ የእህል መጋዘን ገቢና ወጪ የሚሰላበት። ኢንተርፕሪተሩ (ኮዱን አንብቦ የሚያስኬደው ፕሮግራም) ገና ባይትኮድ፣ ማለትም ተራ በተራ የሚፈጸሙ ትንንሽ ትእዛዞች፣ የለውም፤ ፓርሰሩ (የኮዱን ሰዋስው የሚያነበው ክፍል) ያወጣውን ዛፍ ኖድ በኖድ፣ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ፣ እየወረደ ያሰላል። ዋናው ፈንክሽን «አስላ» ይባላል፦ ኖድ ይቀበላል፣ ዋጋ ይመልሳል። አንድ ዋጋ 16 ባይት ነው፤ 8ቱ ለዓይነቱ ከነማሟያው፣ 8ቱ ለይዘቱ። ኦብጀክቶቹ (እንደ «መጋዘን» ያሉት) ከውስጥ ሃሽ ቴብል፣ ማለትም ዋጋን በስሙ ፈልጎ የሚያገኝ ሰንጠረዥ፣ ናቸው።

ማንበብ ላይ ችግር የለበትም። «አሳይ(መጋዘን.ጤፍ)» 25 ያትማል። ማስቀመጥ ላይ ግን «አስላ»ን በግራው ጎን ሲጠራው የሚመለስለት ያው 25 ነው፤ 25 ላይ ደግሞ 40 ማስቀመጥ አይቻልም። ስለዚህ ሁለተኛ ፈንክሽን ጨመረ፤ ይሄኛው ዋጋውን ትቶ ዋጋው በሃሽ ቴብሉ ውስጥ የተቀመጠበትን የማህደረ ትውስታ አድራሻ በፖይንተር (አድራሻ በሚይዝ ዋጋ) ይመልሳል። «መጋዘን.ጤፍ = 40» ሠራ። «መጋዘን.ጤፍ = ቁጠር(መጋዘን)» ግን አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ምንም ሳይል አሮጌውን 25 ይዞ ይቀራል፣ አንዳንዴ ፕሮግራሙ በአፍጢሙ ይደፋል። በፖይንተሩ ይቀጥል? «ማጣቀሻ» የሚባል አዲስ የዋጋ ዓይነት ይጨምር? ወይስ ለማስቀመጥ ብቻ የተለየ ኖድ ይሥራ?

ስህተቱን በቁሙ የሚያሳይ 11 መስመር ኮድ አያይዟል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ብዙ ጊዜ «አልሠራልኝም» ብቻ ተብሎ ስለሚለጠፍ ይሄ መመስገን አለበት።

መልስ 1፦ ከፍኖተ ሰላም፣ በአክብሮት። ጥያቄው አዲስ እንዳልሆነ፣ ክሪስቶፈር ስትሬቺ በ1967 እ.ኤ.አ. ኮፐንሀገን ላይ በሰጠው ትምህርት ለግራውና ለቀኙ ዋጋ ኤል-ቫልዩ እና አር-ቫልዩ እያለ ልዩነቱን እንዳብራራ አስታወሰ። ከእኩልታው በስተቀኝ ስንጽፈው ጎተራው ውስጥ ያለውን እህል መጠየቃችን ነው፤ በስተግራ ስንጽፈው ግን ጎተራውን ራሱን። አንድ ፈንክሽን ሁለቱንም ጥያቄ እንዲመልስ መጠበቅ ነው ችግሩ አለ፤ ከዚያ በላይ አልሄደም።

መልስ 2፦ ከደብረ ማርቆስ። ይህ ሰው 11ዱን መስመር አሂዶ ነው የመጣው፤ ከክሩ ሁሉ ረጅሙን ጽሑፍ የጻፈውም እሱ ነው። ሃሽ ቴብሉ በ8 ቦታ ይጀምራል፤ ሦስት አራተኛው ከሞላ በእጥፍ ያድጋል። እስከ 6 ፕሮፐርቲ (እንደ «ጤፍ» ከነጥቡ በኋላ የሚመጣ ስም) ድረስ ሰላም ነው። ሰባተኛው ሲመጣ ለ16 የሚሆን አዲስ ቦታ ይያዛል፣ የነበሩት ወደዚያ ይዛወራሉ፣ አሮጌው ይለቀቃል። አንዱ ረድፍ 24 ባይት ስለሆነ (8 ለቁልፉ ፖይንተር፣ 16 ለዋጋው) 192 ባይት ተለቅቆ ሌላ ቦታ ላይ 384 ባይት ይያዛል ማለት ነው።

አሁን መስመሩን ቀስ ብሎ መከተል ነው። መጀመሪያ ግራው ይሰላል፤ የ«ጤፍ» አድራሻ በ192ቱ ባይት ውስጥ ተገኝቶ በፖይንተር ይያዛል። ቀጥሎ ቀኙ ይሰላል፤ «ቁጠር» በሥራው መሐል «መጋዘን.የተቆጠረበት_ቀን» የሚል ሰባተኛ ፕሮፐርቲ ያስገባል። ቴብሉ ቤት ቀየረ። ፖይንተሩ ግን የፈረሰውን ቤት አድራሻ እንደያዘ ነው። በመጨረሻ አዲሱ ቁጥር እዚያ ፍርስራሽ ላይ ይጻፋል። የተለቀቀው ቦታ ገና ለማንም ካልተሰጠ ጉዳቱ አይታይም፤ አዲሱ ቴብል ውስጥ የተዛወረው 25 እንዳለ ይነበባል። ለሌላ ኦብጀክት ከተሰጠ የሌላ ሰው ዋጋ ይበላሻል። ማህደረ ትውስታ አዳዩ የራሱን መዝገብ እዚያ ጽፎ ከነበረ ደግሞ ፕሮግራሙ ይወድቃል፤ የሚወድቀውም ስህተቱ ከተሠራበት ርቆ፣ ምንም ያላጠፋ መስመር ላይ ነው። ጠያቂው ሦስት ችግር መስሎት የጻፈው አንድ ነው።

ማረጋገጫውንም ሰጠ፦ መጋዘኑ ከጥሪው በፊት 5 ፕሮፐርቲ ካለው ስህተቱ ፈጽሞ አይከሰትም፤ 6 ካለው ሁልጊዜ ይከሰታል። «አንዳንዴ» የሚባል ነገር የለም። በአድራሻ ሳኒታይዘር (የማህደረ ትውስታ ስህተት በሚይዝ መሣሪያ) ኮምፓይል ቢደረግ ቦታው የተለቀቀበትንና የተጻፈበትን መስመር ሁለቱንም በቁጥር ይናገራል።

መልስ 3፦ ከቡሬ፣ አጭር። ቀኙን አስቀድመህ አስላ፣ ከዚያ የግራውን አድራሻ አውጣ፣ ወዲያው ጻፍ። በሁለቱ መሐል ምንም ኮድ ካልሄደ ፖይንተሩ የሚሞትበት ጊዜ የለውም። ፓይተንም ተራ ማስቀመጥ ላይ ቀኙን ነው የሚያስቀድመው።

መልስ 4፦ የደብረ ማርቆሱ ተመልሶ ይህን ግማሹን ተቀበለ፣ ግማሹን አረመ። ለተራው «=» ልክ ነው። በነበረው ላይ ደምሮ ለሚያስቀምጠው «+=» ግን አይበቃም። እዚህ አሮጌው ዋጋ ከቀኙ በፊት መነበብ አለበት፤ ፓይተንም በዚህኛው ግራውን ነው የሚያስቀድመው። ስለዚህ በማንበቡና በመጻፉ መሐል የቀኙ ኮድ መግባቱ አይቀርም፤ ፖይንተሩም ያንኑ ወንዝ ይሻገራል። ሁለተኛ፣ ፕሮፐርቲው ከዚህ በፊት ያልነበረ ከሆነ አድራሻ ለመስጠት መጀመሪያ ባዶ ቦታ መፍጠር ግድ ነው፤ ከዚያ በኋላ መጻፉ ቢከለከል ማንም ያላስቀመጠው ባዶ «ጤፍ» መጋዘኑ ውስጥ ይቀራል። ሦስተኛ፣ ነገ ቋንቋው ሰተር (ፕሮፐርቲ ላይ ሲጻፍ የሚጠራ ፈንክሽን) ቢኖረው ፖይንተር ፈንክሽን መጥራት አይችልም።

መልስ 5፦ ከዳንግላ። ወደ መፍትሔው የገባው ይሄ ነው። የጃቫስክሪፕት መመዘኛ ኤክማስክሪፕት ከ1997 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ እትሙ ጀምሮ ሪፈረንስ የሚባል ዓይነት እንዳለው አነሳ። ውስጡ የሚያዘው አድራሻ አይደለም፤ ባለቤቱ እና ስሙ ነው (በኋላ እትሞች ጥብቅ ሁነታን የሚያመለክት ምልክትም ተጨምሯል)። ዋጋ ሲፈለግ አንድ ተግባር ሪፈረንሱን ተቀብሎ ያነባል፣ ማስቀመጥ ሲፈለግ ሌላው ይጽፋል። ፍለጋው የሚደረገው በመጨረሻዋ ቅጽበት ስለሆነ በመሐል ቴብሉ አሥር ጊዜ ቤት ቢቀይርም ግድ የለም።

ለጠያቂው ሲ እንዲህ አወረደው፦ «ማጣቀሻ» የሚባል መዋቅር፣ ሦስት መስክ። ዓይነት (ስም፣ ፕሮፐርቲ፣ ኢንዴክስ)፤ ባለቤት፤ ቁልፍ። ከነማሟያው 8፣ 16 እና 16፣ በድምሩ 40 ባይት። በማህደረ ትውስታ አዳዩ አይጠየቅም፤ የሲ ስታክ ላይ ተቀምጦ ከፈንክሽኑ ጋር ይጠፋል። ፈንክሽኖቹም ሦስት ናቸው፦ «ማጣቀሻ_አውጣ»፣ «አንብብ»፣ «ጻፍ»። «መጋዘን.ጤፍ.ኩንታል = 40» ሲመጣ «መጋዘን.ጤፍ» ድረስ ያለው በተለመደው «አስላ» ይሰላል፤ የመጨረሻዋ ነጥብ ብቻ ሳትፈጸም ትቀራለች። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው አለ፤ ሰንሰለቱን በሙሉ ማጣቀሻ ማድረግ አያስፈልግም፣ ጫፉን ብቻ።

መልስ 6፦ አንድ ጀማሪ መስሎ የታየኝ ሰው፣ ይህ ሁሉ መዋቅር ከሚመጣ የጠያቂውን ሁለተኛ ሐሳብ ወስዶ ማጣቀሻን ከዋጋ ዓይነቶች አንዱ ማድረግ አይቀልም ወይ ብሎ ጠየቀ። «አስላ» አንድ ብቻ ይሆናል፣ ኖዱ ግራ ይሁን ቀኝ ማወቅ አያስፈልገውም።

መልስ 7፦ ዳንግላው፣ አሁን ትንሽ ጠንከር ብሎ። ይቀላል፣ እስኪያፈስ ድረስ። ማጣቀሻ ዋጋ ከሆነ ዋጋ የሚነካ ኮድ ሁሉ መጀመሪያ መፍታት አለበት፤ ደምር፣ አወዳድር፣ አትም፣ ዝርዝር ውስጥ አስገባ፣ ከፈንክሽን መልስ። አንዱ ቦታ ከተረሳ «ዝ = [መጋዘን.ጤፍ]» ዝርዝሩ ውስጥ 25ን ሳይሆን ማጣቀሻውን ያስቀምጣል። ነገ ጤፉ 40 ሲሆን ማንም ያልነካው ዝርዝር 40 ይላል። ይህን ስህተት የሚይዝ ኮምፓይለር የለም፤ ለሲ ሁለቱም ያው ዋጋ ናቸው። ማጣቀሻው የራሱ የሲ ዓይነት ከሆነ ግን መፍታት የተረሳበት ቦታ ኮምፓይል አይሆንም። መመዘኛውም ቢሆን ሪፈረንስ ለመግለጫ ብቻ የሚያገለግል፣ በኢንተርፕሪተሩ ውስጥ በአካል መኖር የማይጠበቅበት ዓይነት መሆኑን ይናገራል።

እኔም ከዚህ ወገን ነኝ። በክሩ ውስጥ ለጠያቂው ትልቁን ጊዜ ያተረፈለት መልስ 5 ሳይሆን ይሄ ነው።

መልስ 8፦ ከመራዊ። ለተጠቃሚው የሚታይ ማጣቀሻ ምን እንደሚያመጣ በፒኤችፒ አሳየ። በማጣቀሻ የሚዞር ፎርኢች (የዝርዝሩን አባላት አንድ በአንድ የሚያዳርስ ዙር) ሲያልቅ የመዞሪያው ቫሪያብል ከመጨረሻው የዝርዝሩ አባል ጋር እንደተሳሰረ ይቀራል። ያንኑ ስም ይዞ ሁለተኛ ተራ ዙር ቢጀመር እያንዳንዱ ዙር የመጨረሻውን አባል እየደመሰሰ ይሄዳል፤ 1፣ 2፣ 3 የነበረው ዝርዝር 1፣ 2፣ 2 ሆኖ ይገኛል። መድኃኒቱ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ቫሪያብሉን ማፍረስ ነው፤ ፒኤችፒ የሚጽፍ ሁሉ አንድ ቀን ይነከስበታል።

መልስ 9፦ ጠያቂው አመስግኖ ተመለሰ፤ በአድራሻ ሳኒታይዘር መስመሩ ተገኝቷል፣ መዋቅሩ ገብቷል፣ መውደቁ ቆሟል። አዲስ ነገር ግን መጣ፦ «መጋዘን[ቀጣይ()] += 1» ሲል «ቀጣይ» ሁለት ጊዜ ይጠራል፤ ከ3ኛው አንብቦ 4ኛው ላይ ይጽፋል።

መልስ 10፦ የቡሬው ይህን ሳያይ አላለፈም። ፓርሰሩ «ሀ += ለ»ን «ሀ = ሀ + ለ» አድርጎ እየተረጎመ መሆን አለበት ብሎ ገመተ (ልክ ነበር)። ግራው ጎን ተራ ስም ሲሆን ይህ አይጎዳም፤ ውስጡ ጥሪ ካለበት ግን ጥሪው ይደገማል። ማጣቀሻው አንዴ ይውጣ፤ በዚያው «አንብብ»፣ ቀኙን አስላ፣ ደምር፣ በዚያው «ጻፍ»። አራት መስመር ነው። ኮመን ሊስፕ ይህንኑ ሥራ በማክሮ ደረጃ ሲሠራ አምስት ነገር እንደሚመልስ ጨመረ፦ ጊዜያዊ ስሞች፣ የእነሱ ዋጋዎች፣ አዲሱ ዋጋ የሚያዝበት ስም፣ የማስቀመጫው ኮድ፣ የማንበቢያው ኮድ። ጊዜያዊ ስሞቹ የመጡት ለዚሁ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ አንዴ ብቻ እንዲሰላ ነው።

መልስ 11፦ ከሞጣ፣ እዚህ ላይ ክሩ መንገድ ለቀቀ። ቋንቋው አማርኛ ከሆነ ነጥብና እኩልታ ለምን ከፈረንጅ ይለመናል አለ። አማርኛ የግራውን ጎን ምልክት ከጥንት ይዟል፤ «ን» ናት። «የመጋዘኑን ጤፍ 40 አድርግ»። እንዲያውም «ን» ጤፉ ላይ አትወድቅም፣ ባለቤቱ ላይ ቀድማ ትወጣለች፤ ስለዚህ ፓርሰሩ የሚፈለገው ቦታ መሆኑን ገና ከመጀመሪያው ቃል ያውቃል፣ እኩልታው እስኪመጣ አይጠብቅም፣ ወደኋላም አይመለስም።

መልስ 12፦ ከደጀን። ሐሳቡ እንደሚጥመው፣ ግን እንደማይቆም። «የመጋዘኑን ጤፍ ቁጠር» ሲባልም «ን» አለች፤ እዚያ ምንም የሚጻፍ ነገር የለም። «ን» ተሳቢውን ነው የምትናገረው፣ መጻፍን አይደለም። ሌላው ደግሞ «ዘመን»፣ «ሚዛን»፣ «ወገን» በራሳቸው በ«ን» ያልቃሉ፤ ሌክሰሩ (ጽሑፉን ወደ ቃላት የሚቆርጠው ክፍል) የትኛዋ «ን» ምልክት እንደሆነች ለማወቅ ቃሉን መበተን ሊኖርበት ነው።

መልስ 13 እና 14፦ የሞጣው በእርስዎ ጀምሮ በአንተ ጨረሰ። ሰዋስው የማያውቅ ሰው ሰዋስው አይንካ የሚል መንፈስ ነበረው። ደጀኑም አልተኛለትም፤ ሰዋስው የሚያውቅ ሰው ሌክሰር ጽፎ ያሳየን አለ።

መልስ 15፦ አንድ ሰው ነገሩን ለማብረድ ይመስላል ማጣቀሻው ሰም፣ ዋጋው ወርቅ ነው አለ፤ የቅኔ አገር ልጆች በዚህ መጣላት የለባቸውም። መልስ 16 ወዲያው ተቃወመው፦ ሰምና ወርቅ አንዱ ቃል ሁለት ፍቺ ሲይዝ ነው፤ እዚህ ግን አንዱ የሌላው መድረሻ ነው፣ ስለዚህ ምሳሌው አይገጥምም። ዋሸራ ወይም ጎንጅ ደጅ የጠና ሰው ይህን ባየ ይስቃል ብሎ ዘጋው። ልክ ነው፤ ግን መሳቁም አይከፋም ነበር።

መልስ 17፦ የደብረ ማርቆሱ ሁሉንም ወደ ቦታው መለሰ። ማጣቀሻው ባለቤትና ቁልፍ ስለያዘ ከፖይንተሩ አደጋ ተርፏል፤ ሌላ አደጋ ግን አለ። «አዲስ_መጋዘን().ጤፍ = ቁጠር()» ሲሰላ አዲሱ መጋዘን በየትም ቫሪያብል አልተያዘም፤ ያለው የሲ ስታክ ላይ ባለው ማጣቀሻ ውስጥ ብቻ ነው። «ቁጠር» እየሠራ ጋርቤጅ ኮሌክተሩ (ማንም የማይጠቀምበትን ማህደረ ትውስታ የሚያጸዳው ክፍል) ቢነሳ፣ ኮሌክተሩ የሚያውቀው የኢንተርፕሪተሩን ስታክ ብቻ ስለሆነ መጋዘኑን እንደ ቆሻሻ ጠርጎ ይወስደዋል። ስለዚህ «ማጣቀሻ_አውጣ» ባለቤቱንና ቁልፉን ኮሌክተሩ በሚያየው ጊዜያዊ ስታክ ላይ ይግፋቸው፤ «ጻፍ» ሲጨርስ ያንሳቸው። በስህተት መንገድ ሲወጣም መነሳት አለባቸው፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ለሙከራ ኮሌክተሩን በእያንዳንዱ አዲስ ኦብጀክት ላይ እንዲነሳ ማድረግ ነው። ፕሮግራሙ ይንቀራፈፋል፣ ግን በወር አንዴ ይታይ የነበረው ስህተት በመጀመሪያው ሙከራ ይወጣል።

መልስ 18፦ ዳንግላው፣ ጠያቂው ባይትኮድ ሊጀምር ካሰበ ማጣቀሻው እንደ መዋቅር ጭራሹን እንደሚጠፋ አሳየ። የስታክ ማሽን (ዋጋዎችን አንዱን በሌላው ላይ እየደረደረ ከላይ እያነሳ የሚሠራ) ላይ ማጣቀሻ ማለት ስታኩ ጫፍ ላይ የተቀመጡት ባለቤትና ቁልፍ ናቸው፣ በቃ። «መጋዘን.ጤፍ += 5»ን ደረጃ በደረጃ ጻፈው። «መጋዘን» ይገፋል። «ድገም»፤ አሁን ሁለት መጋዘን አለ። «አምጣ ጤፍ» ላይኛውን በልቶ 25 ያስቀምጣል። 5 ይገፋል። «ደምር» ስታኩን መጋዘን እና 30 ያደርገዋል። «አስቀምጥ ጤፍ» ሁለቱንም በልቶ 30ን የአገላለጹ ዋጋ አድርጎ ይተዋል። ለ«መጋዘን[ቁ] += 5» ልዩነቱ «ድገም» በ«ሁለቱን_ድገም» መተካቱ ብቻ ነው። ኮሌክተሩም ስታኩን ስለሚያይ የመልስ 17 ጣጣ አብሮ ይቀራል። ከባዱ «መጋዘን.ጤፍ++» ነው፤ አገላለጹ አሮጌውን ዋጋ መመለስ ስላለበት 25ን አባዝቶ አንዱን ቅጂ ከመጋዘኑ በታች የሚያዞር ትእዛዝ ያስፈልጋል፣ ከተቀመጠ በኋላም 26ው ተጥሎ 25ው ይቀራል።

ኮምፓይለሩ «=»ን ከማየቱ በፊት «አምጣ»ን ጽፎት ከሆነስ? ሉዋ ለዚህ ጥሩ ብልሃት እንዳላት አነሳ። ፓርሰሯ «ሀ.ለ»ን ሲያነብ ወዲያው ትእዛዝ አያወጣም፤ ቴብሉ የት ሬጂስተር ላይ እንዳለ፣ ቁልፉ የት እንዳለ የሚናገር ትንሽ መግለጫ ይይዛል። ከዚያ «=» ከመጣ የማስቀመጫ ትእዛዝ ያወጣል፣ ካልመጣ የማንበቢያ። ፓይተን ደግሞ በዛፉ ላይ ይሠራዋል፤ እያንዳንዱ የስም፣ የፕሮፐርቲና የኢንዴክስ ኖድ ለማንበብ፣ ለማስቀመጥ ወይም ለማጥፋት መሆኑን የሚናገር ምልክት ይለጠፍበታል።

መልስ 19፦ የቡሬው ከፓርሰሩ በኩል የጎደለውን ሞላ። ግራውን እንደ ተራ አገላለጽ ማንበብ፣ «=» ሲመጣ የኖዱን ዓይነት ማየት፤ ስም፣ ፕሮፐርቲ ወይም ኢንዴክስ ካልሆነ የመስመሩን ቁጥር ሰጥቶ መከልከል። «ቁጠር() = 5» እዚህ ይያዛል። አሳሳቹ «ሀ * ለ.ሐ = 5» ነው፤ ነጥቧን የሚያነበው ክፍል «=»ን ባየበት የሚውጥ ከሆነ ፓርሰሩ ሳያማርር «ሀ * (ለ.ሐ = 5)» ብሎ ይቀበለዋል። ስለዚህ እዚያ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ይፈቀድ አይፈቀድ የሚል ምልክት ከላይ ተላልፎለት መምጣት አለበት።

መልስ 20፦ ስለ ቅደም ተከተል፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከሁሉ የተቆጣው። እስካሁን ማንም ጠያቂውን የቋንቋህ ሕግ ምንድን ነው ብሎ አልጠየቀውም አለ። በጃቫስክሪፕት «ሀ.ለ = ሀ = አዲስ» ሲባል የግራው ሪፈረንስ አስቀድሞ ስለሚወጣ «ለ» የሚቀመጠው አሮጌው «ሀ» ላይ ነው፤ አዲሱ «ሀ» «ለ» የለውም። ቀኙን በሚያስቀድም ቋንቋ መልሱ ሌላ ነው። ሉዋ በብዙ ማስቀመጥ ላይ ቅደም ተከተሉን ሳትወስን ትታዋለች፤ ግን አገላለጾቹ ሁሉ ከማስቀመጡ በፊት እንደሚሰሉ ዋስትና ትሰጣለች፣ ስለዚህ «ቁ, ሀ[ቁ] = ቁ+1, 20» ቁ 3 ከነበረ 20ው የሚገባው ሦስተኛው ላይ ነው። ፓይተን ውስጥ ደግሞ በማይለወጥ ቱፕል ውስጥ ያለ ዝርዝር ላይ «+=» ቢደረግ ስህተት ይወረወራል፣ ዝርዝሩ ግን አድጎ ይገኛል፤ ምክንያቱም ማንበቡና ማሳደጉ ተሳክቶ የወደቀው የመጨረሻው መጻፍ ነው። ሕጉን በአንድ ዓረፍተ ነገር መመሪያው ላይ ጻፈው፣ ከዚያ ኮዱን አስተካክል፤ ኮዱ ያደረገውን ሕግ ነው አትበል።

ቁጣው ከልክ ያለፈ ነው፣ ነጥቡ ግን አይደለም።

መልስ 21፦ ከደጀን፣ አንድ ለአማርኛ ብቻ የሚሆን ጉዳይ። ማስቀመጥ የሌለ ፕሮፐርቲ የሚፈጥር ከሆነ «እህል.ዓመት = 2017» ብሎ ጽፎ «እህል.አመት» ብሎ የሚያነብ ሰው ባዶ ያገኛል፤ ቢጽፍበት ደግሞ ሁለተኛ ፕሮፐርቲ ይፈጠራል፣ ምንም ስህተት ሳይታይ። በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ስለሆነ ሁለቱም ቃላት 9 ባይት ናቸው፤ የሚለያዩት በ2 ባይት ብቻ ነው፣ ለሃሽ ግን ፍጹም ባዕድ ናቸው። የዩኒኮድ መደበኛ ማስተካከያ እነዚህን አይነካም። ሌክሰሩ ላይ ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን አንድ ማድረግ ቀላል ነው። ግን «እህል["ዓመት"]» በሌክሰሩ ስም ሆኖ አያልፍም፤ ስለዚህ ማስተካከሉ ስሞች ወደ ቁልፍ በሚለወጡበት በአንዱ በር፣ ነጥቡም ቅንፉም በሚያልፉበት ላይ ይሁን።

መልስ 22፦ የሞጣው ተመለሰ፣ አሁን ረጋ ብሎ። «ድኅነት» መዳን ነው፣ «ድህነት» ማጣት። በግእዝ «ሠረቀ» ወጣ ነው (ፀሐይ)፣ «ሰረቀ» የሌባ ሥራ ነው። እነዚህን አንድ ቁልፍ ካደረግህ ሁለት የተለያየ መስክ ሊኖረው የፈለገው ሰው አንዱ ሌላውን ይደመስስበታል። የሱ ሐሳብ፦ አትቀላቅል፤ የሌለ ፕሮፐርቲ ላይ ሲጻፍ በድምፅ የሚመሳሰል ሌላ ስም ካለ ማስጠንቀቂያ አሳይ። ደጀኑ ይህን ሳያንገራግር ተቀበለ፣ ከመልስ 13 በኋላ ያልጠበቅሁት ነገር ነው።

መልስ 23፦ ከመራዊ፣ በጥድፊያ ሁለት ነገር። ጠያቂው ፕሮቶታይፕ (ኦብጀክት የራሱ የሌለውን ፕሮፐርቲ የሚወርስበት ሌላ ኦብጀክት) ካስገባ «አንብብ» ሰንሰለቱን ይወጣል፣ «ጻፍ» ግን ባለቤቱ ራሱ ላይ ይጽፋል፤ ሰንሰለቱ ላይ ሰተር ካለ ብቻ እሱ ይጠራል፣ ለሰተሩም «ራስ» ሆኖ የሚሄደው ሰተሩ የተገኘበት ኦብጀክት ሳይሆን የማጣቀሻው ባለቤት ነው። «መጋዘን.ቁጠር(3)» ዓይነት ጥሪም ያንኑ ማጣቀሻ ይጠቀማል፤ ባለቤቱ ከሌለ «ራስ» ከየት ይመጣል?

መልስ 24፦ ጠያቂው። ሕጉን ጽፎታል፦ ባለቤት፣ ቁልፍ፣ ቀኝ፣ ከዚያ ማስቀመጥ፤ ሁሌም በዚህ ቅደም ተከተል። 6 ፕሮፐርቲ ያለው መጋዘን ከሙከራዎቹ የመጀመሪያው ሆኗል፣ ኮሌክተሩም በሙከራ ጊዜ በየኦብጀክቱ ይነሳል። «አጥፋ መጋዘን.ጤፍ» የሚለውንም በዚያው ማጣቀሻ ሠርቶታል፤ «አንብብ» እና «ጻፍ» አጠገብ «ሰርዝ» ጨመረ፣ 9 መስመር። የድምፅ ማስጠንቀቂያው ግን ገና ነው፤ «ኸ»ን ከ«ሀ» ቤት ይቁጠራት አይቁጠራት ሞጣና ደጀን እንዲወስኑለት ጠይቋል። ሁለቱም እስካሁን አልመለሱም።